ጎበዝ በነጻ አይባልም

ርዕሰ መምህሩ ከስልጠና በተመለሰ ቁጥር ትምህርት ቤቱ ላይ አንድ አዲስ ጣጣ ይወርዳል። አንዴ ደርሶ ሲመጣ ወንበሮቹ ሁሉ ክብ ሠርተው እንዲደረደሩ አዘዘ፤ ግማሹ ተማሪ ለሰሌዳው ጀርባውን ሰጥቶ አንገቱን ሲጠመዝዝ ከረመ። ሌላ ጊዜ ሲመለስ በየክፍሉ በር ላይ «የሐሳብ ሣጥን» አሰቀለ፤ ልጆቹ የማስቲካ ወረቀት ሞሉበት። መምህራኑ ከጀርባው «አቶ ስልጠና» ይሉታል። አንዳንዶቹ እውነተኛ ስሙን ለማስታወስ ትንሽ ማሰብ ነበረባቸው።

የስድስተኛ «ለ» የሒሳብ መምህርት ግን በፊቱም በጀርባውም ምንም አትለውም፤ ዝም ብላ ታየዋለች። ሰውን ስታይ ከጫማው ጀምራ ወደ ላይ ነው፤ ፊቱ ጋ እስክትደርስ ሰውየው ገና አፉን ሳይከፍት ጥፋተኛ ሆኗል። ተማሪዎቿ «ኮስታራዋ» የሚል ስም አውጥተውላታል። ሰምታዋለች፤ አልከፋትም፤ እንዲያውም ልጆቹ አንድ ነገር በትክክል አወቁ ብላ ተወችው። ብዙ ዓመት ጠመኔ ይዛ ስትቆም ያልናቀችው ሰው ጥቂት ነው። የመማሪያ መጽሐፉን ያዘጋጁትን ትንቃለች፣ ምክንያቱም መልሶቹን ከኋላ አትመው ግማሹን ተሳስተዋል። የልጃቸውን የቤት ሥራ ራሳቸው ሠርተው ራሳቸው የሚሳሳቱትን ወላጆች ትንቃለች። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ደወል ከተደወለ በኋላ ሻይ የሚቀዱትን ደግሞ ለመናቅም ጊዜ የላትም። አቶ ስልጠናን በተለየ ትንቀዋለች፤ በልጅነቱ ያስተማረችው እሷው ራሷ ናት። ያኔም ከሁሉ በፊት ሲያጨበጭብ ታስታውሰዋለች እንጂ ሲጠይቅ ትዝ አይላትም።

አንድ የማትንቀው ነገር አለ፤ ከምር የተጠየቀ ጥያቄ። በዓመት አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ይዞ ይመጣል፤ እሷም ለዚያ ስትል ነው ሌላውን ሁሉ የምትችለው። ዘንድሮ የመጣችው ከመስኮቱ ሥር የምትቀመጥ፣ ሹሩባዋ ሁልጊዜ ከአንድ ወገን የሚፈታ ልጅ ነበረች። አፏን ከፈታች ጀምሮ «ለምን?» ስትል ስለኖረች ልጆቹ «እመት ለምን» ይሏታል። ከዜሮ በታች ያሉ ቁጥሮች በተጀመሩ ቀን «የሌለ ነገር ከሌለ ነገር እንዴት ያንሳል?» ብላ ክፍሉን አስቃ፣ ኮስታራዋን ግን እስከ ቤቷ ድረስ በልቧ ፈገግ አሰኝታታለች። ከኮስታራዋ አፍ የሚወጣው ትልቁ ሙገሳ «እሺ፣ ከዚያስ?» ነው። ሙገሳ መሆኑ የገባት እመት ለምን ብቻ ናት፤ «እሺ፣ ከዚያስ?» በተባለች ቁጥር ጆሮዋ ይቀላል።

ከዚያ ክፍልፋይን በክፍልፋይ ማካፈል መጣ። ኮስታራዋ ሰሌዳው ላይ «ሁለተኛው ይገለበጣል፤ ከዚያ ይባዛል» ብላ ጻፈች። ክፍሉ በሙሉ ምንም ሳይል ገለበጠ፣ ምንም ሳይል አባዛ። እመት ለምን እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ግን ለምንድን ነው የሚገለበጠው?»

ስንቱ መምህር ሲያስተምረው ኖሮ ራሱን ያልጠየቀው ጥያቄ ነው። ኮስታራዋ ጠመኔዋን አስቀምጣ ልትጀምር ስትል ደወሉ ተደወለ፤ ልጆቹም እሳት የተነሳ ይመስል በሩ ላይ ተጋፉ። እንዲህ ያለውን መልስ በጫጫታ ማባከን አልፈለገችም።

«ነገ እነግርሻለሁ» አለቻት።

ማታ ቤቷ ቁጭ ብላ መልሱን አዘጋጀች። ማወቁንማ ድሮ ታውቀዋለች፤ የቸገራት ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በምን ይታያል የሚለው ነበር። ወረቀት አጥፋ ቀደደች፣ ሌላ አጥፋ ቀደደች። በመጨረሻ ነገሩ ቁልጭ ብሎ የሚታይበትን መንገድ አገኘችና ደስ ብሏት ተኛች።

በማግስቱ የሒሳቡን ክፍለ ጊዜ አቶ ስልጠና ወሰደው። ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ያለውን ተማሪ ሁሉ ግቢው ውስጥ አሰልፎ አንድ ቢጫ ካርድ ከፍ አድርጎ አሳየ። ካርዱ ላይ በትልቁ «ጎበዝ!» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ ወደ ላይ የተቀሰረ አውራ ጣት ተስሏል፤ ሠዓሊው ምን ነክቶት እንደሆነ አይታወቅም፣ ጣቱ ካሮት ይመስላል። ደንቡ አጭር ነበር። መምህር ተማሪን «ጎበዝ» ካለ ካርድ ይሰጠዋል፤ ካርድ ሳይሰጥ ቃሉን ማውጣት ክልክል ነው። ካርዶቹ በየክፍሉ ይደመራሉ፤ በሴሚስተሩ መጨረሻ አንደኛ የወጣው ክፍል ዋና ወዳለበት ቦታ ሽርሽር ይሄዳል።

«ጎበዝ የሚለውን ቃል አርክሰነዋል!» አለ አቶ ስልጠና በድምፅ ማጉያው። «ከእንግዲህ ወዲያ ጎበዝ በነጻ አይባልም!»

ልጆቹ ዋና የሚለውን ሰምተው ስለነበር ጭብጨባው ግቢውን አናወጠው። ኮስታራዋ ከሰልፉ ጀርባ ቆማ ከጫማው ጀምራ ወደ ላይ አየችው።

ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤቱ ገበያ ሆነ። የስፖርት መምህሩ ኳስ ላቀበለም ጎበዝ፣ ኳስ ለሳተም ጎበዝ እያለ ካርድ እንደ ብስኩት ሲያድል ዋለ። የስድስተኛ «ሀ» ኃላፊ ጠዋት ጠዋት «ሁላችሁም መጥታችኋል፣ ጎበዞች!» ትልና ለሁሉም ታከፋፍላለች፤ መምጣት እንደ ችሎታ ሲቆጠር ኮስታራዋ ያን ጊዜ አየች። ሰሌዳ ለማጥፋት ሦስት ልጅ ይደባደባል። ማንም ያልጣለውን ወረቀት አንድ ልጅ ከቦርሳው አውጥቶ ይጥልና፣ መምህር ሲያልፍ ጠብቆ ጎንበስ ብሎ ያነሳል። አቶ ስልጠና ይህን ሁሉ እያየ «የባሕርይ ለውጥ!» ይላል። ባሕርይማ ተለውጧል፤ ልጆቹ ድሮ ሰነፍ ብቻ ነበሩ፣ አሁን አጭበርባሪ ሰነፎች ሆኑ።

ስድስተኛ «ለ» ከሁሉ በታች ነበር። ኮስታራዋ የተሰጣትን የካርድ እሽግ ጠረጴዛዋ መሳቢያ ውስጥ ጥላው ፕላስቲኩን እንኳ አልቀደደችም። ልጆቹ ለመኗት፣ እምቢ አለች። ከዚያ በብልሃት መጡ። ሌሎች መምህራን የሰጡትን የክፍሉን ካርድ በእርሳስ መያዣው የሚያስቀምጥ፣ ስለዚህም «ባንኩ» የሚባል አንድ ባለ መነጽር ልጅ አለ፤ አንድ ቀን ጨዋ መስሎ ቆመ።

«ቲቸር፣ ይቅርታ፣ የሰነፍ ተቃራኒ ምንድን ነው?»



«አንተ ያልሆንከው» አለችው። ሌላ ቀን ደግሞ ሌላዋ «ቲቸር፣ ይህቺን ቃል ያንብቡልኝ፣ ዓይኔን አሞኝ ነው» ብላ ራሱን ካርዱን ይዛ መጣች። ያቺን እንኳ ልትስቅባት ምንም አልቀራትም።

እነዚህን ሁሉ መናቅ ቀላል ነበር። ያልቀለላት የመስኮቱ ሥር ዝምታ ነው። እመት ለምን ዘጋች። ካርዱ ከመጣ ጀምሮ እጇ አልወጣም። በትምህርቱ መሐል ከንፈሯ ይላቀቃል፣ ወዲያው ይገጠማል። ከኋላዋ ባንኩ «እባክሽ ዛሬ ለምን ለምን እንዳትይ፣ ሰዓቱ ይሄዳል» ሲላት ኮስታራዋ በጆሮዋ ሰማች። ነገሩ ሁሉ ያኔ የተገለጠላት መሰላት። ይሄው! ልጅቷን ያፈኗት እነሱ ናቸው፤ እነሱን ያበላሻቸው ካርዱ ነው፤ ካርዱን ያመጣው ያ አጨብጫቢ ነው። ብግን አለች።

መልሱ ግን እሷ ዘንድ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። አፏ ላይ ነው። ተነስታ መንገር ትችል ነበር፤ አልተናገረችም። ኮስታራዋ ያልተጠየቀችውን አትመልስም፤ ይህ ኩራቷም ደንቧም ነው። ልጅቷ ከልቧ ጠይቃ ከሆነ መልሳ ትጠይቃለች ብላ ጠበቀች። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሌላም አለፈ፤ ክፍልፋይ አልቆ አሥርዮሽ ተጀመረ፤ ጥያቄው አልተመለሰም። በየቀኑ ከመስኮቱ ሥር ያችን ሹሩባዋ የተፈታ ልጅ ታያለች፣ በየቀኑም ውስጧ አንድ ነገር ይቆረቁራታል። ልጅቷ እንደ ሌሎቹ ሆና ብትቀር፣ ዝም ብላ ገልብጣ ዝም ብላ ብታባዛ፣ ኮስታራዋ ዘንድሮ ለምን ክፍል እንደገባች ለራሷ የምትመልሰው አልነበራትም።

አንድ ቀን ተሸነፈች። መሳቢያዋን ስባ እሽጉን አወጣችና ፕላስቲኩን ቀደደች። 

«ደህና ጥያቄ ለጠየቀኝ» አለች፣ እያንዳንዱ ቃል እየመረራት፣ «አንድ ካርድ እሰጣለሁ።»

የአርባ ልጅ እጅ ባንዴ ወጣ። «ቲቸር፣ ጠመኔ ይበላል?» «ቲቸር፣ ሰባት ለምን ስድስት አልተባለም?» «ቲቸር፣ እርስዎ ልጅ ሆነው ያውቃሉ?» አንዱ እጁን አንጠልጥሎ ሲጠራ ብድግ አለና፣ «ትንሽ ይታገሡኝ፣ ጥያቄውን እያሰብኩ ነው» አለ። ባንኩ ደግሞ «አንድ ረጅም ጥያቄ ለሁለት ቢከፈል ሁለት ካርድ ነው?» ሲል ጠየቀ፤ በሒሳብ ትምህርት ላይ ከዓመቱ መጀመሪያ ወዲህ ራሱ ያሰበው ነገር ይህ ብቻ ነበር። እመት ለምን እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀመጠች።

ኮስታራዋ ለማንም ሳትሰጥ እሽጉን መልሳ ከተተችው። በራሷ ዓይን እንዲህ ቀልላ አታውቅም። ክፍሉ ሲወጣ ልጅቷን በር ላይ አስቆመቻት።

«አንቺ፣ ምላስሽን ማን ወሰደው?»

«ማንም፣ ቲቸር።»

«ታዲያ?»

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት፤ የሆነ ነገር የምትጠብቅ ትመስል ነበር። ከዚያ «ምንም» አለችና ወጣች። ኮስታራዋ ፈርታ ነው ብላ ደመደመች፤ ማንን እንደምትፈራም አወቅሁ ብላ ቀጥታ ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሄደች።

አቶ ስልጠና የምስክር ወረቀቶቹን ግድግዳው ላይ ሲያስተካክል ደረሰችበት። ግድግዳው ሞልቶ አንዱ ከመብራት ማብሪያው በላይ ተሰቅሏል።

«ያለችኝን አንዲት ልጅ ዘጋህብኝ» አለችው፣ ሳትቀመጥ። «ይህን ካርድህን ከክፍሌ አንሳልኝ።»

«ስልጠናው ላይ» አለ፣ «ለውጥ የማይቀበል መምህር እንደሚያጋጥመን ተነግሮናል። በትዕግሥት ያዟቸው ነው የተባልነው።»

«ያዘኛ።»

ሰውየው ፈገግታውን አጠፋ። «መምህርት፣ አንድ ነገር ልንገርዎት? ስድስተኛ ክፍል ዓመቱን ሙሉ እፊትዎ ተቀምጫለሁ። አንድም ቀን ጎበዝ ብለውኝ አያውቁም። አንድም ቀን።»

«ስላልነበርክ ነዋ» አለችና ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ ነገሩ ትንሽ ከበዳት፤ እሷ ግን እንዲህ ያለ ክብደት ተሸክማ መሄድ ትችልበታለች።

ከዚያ የእንግዶቹ ቀን መጣ። የካርዱን ነገር ሰምተው ከበላይ መሥሪያ ቤት ሊጎበኙ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ጥላ ሥር ወንበር ተደርድሮላቸዋል። ተማሪው ታጥቦ ተሰልፏል። አቶ ስልጠና ለእንግዶቹ የተዘጋጀ ንግግሩን በቃሉ ሲያጠና እንደከረመ ያስታውቃል፤ ከረባቱ ራሱ ጭንቅ ላይ ነው። ድምፅ ማጉያውን ያዘ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ክንዱን ወደ ሕዝቡ ዘረጋ፣ ሰው ሲሰበሰብ ሁሉም ሰው የሚለውን እሱም አለ።

«እንግዲህ ጎበዝ!»

ቀጥሎ የሚለው ነበረው። አልደረሰበትም። ከስድስተኛ «ለ» ሰልፍ ውስጥ ባንኩ እጁን አወጣ።

«ካርዳችንስ?»

አቶ ስልጠና አልገባውም። «ምን አልክ?»

«ጎበዝ ብለውናል። ለሁላችንም።»

ነገሩ በሰልፉ ውስጥ ሲያልፍ ይታይ ነበር፤ ጭንቅላት ወደ ጭንቅላት ይዞራል፣ ክንድ ክንድን ይጎነትላል። ከዚያ ያ ሁሉ ልጅ መዳፉን ዘረጋ። «ብለዋል! ብለዋል!» «በነጻ አይባልም!» የስምንተኛ ክፍሎቹ «ካርድ! ካርድ!» እያሉ ያስጨበጭቡ ጀመር። የስፖርት መምህሩ ሳቁ አምልጦት ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ከእንግዶቹ አንዷ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች።

«ጸጥታ!» አለ አቶ ስልጠና። ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። «ይሄኛው ጎበዝ ያኛው ጎበዝ አይደለም! ይህ እንዲሁ... መጥሪያ ነው! ሰው መጥሪያ!»

ኮስታራዋ ከሰልፉ ጀርባ ቆማ ነበር። ከልቧ ደስ አላት፤ ደስታዋንም አልደበቀችም። ልክ በዚያ መሐል ከፊቷ አንዲት ቀጭን እጅ ስትወጣ አየች። ሹሩባው በአንድ ወገን ተፈቷል።

«ይቅርታ» አለች እመት ለምን፤ ድምጿ ትንሽ ቢሆንም ግቢው ጸጥ ብሎ ሰማት። «ጎበዝ ካልሆንን ለምን ጎበዝ ብለው ይጠሩናል?»

መሳለቋ አልነበረም። ማወቅ ፈልጋ ነው፤ ፊቷን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። አቶ ስልጠና ወደ እንግዶቹ ዞረ፣ ከእነሱም ምንም አላገኘም። በመጨረሻ ብሔራዊ መዝሙሩ ይቀጥል ብሎ አዘዘ፤ መዝሙሩ ግን መጀመሪያውኑ ተዘምሮ ነበር።

የኮስታራዋ ደስታ ብዙ አልቆየም። ያን «ለምን» ከሰማች በኋላ አንድ ሐሳብ ገብቶ አላስቀምጥ አላት። ልጅቷ አፏ ካልተዘጋ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ያውም ርዕሰ መምህሩን እንዲህ መጠየቅ ከቻለች፣ እኔ ክፍል ምን ነካት? ባንኩን ፈርታ እንዳይባል፣ ባንኩ ቅድም አጠገቧ ቆሞ ነበር። ለካርድ ጓጉታ እንዳይባል፣ እጇን አልዘረጋችም።

አቶ ስልጠና እንግዶቹን እንደሸኘ የመጀመሪያ ሥራው ስድስተኛ «ለ» መግባት ሆነ። ለሥነ ሥርዓት ጉድለት ሲል የክፍሉን ካርድ በሙሉ ወረሰ። ባንኩ የእርሳስ መያዣውን ገልብጦ ሰጠው። ሰውየው እንደወጣ ኮስታራዋ ለሒሳብ ክፍለ ጊዜዋ ገባች፤ ክፍሉ በሙሉ ወደ መስኮቱ ሥር ዞሮ አገኘችው።

«አሁን ደስ አለሽ?» ይላል አንዱ። «ካርዳችንን ጠይቀን ልንቀበል ስንል ገባሽ። አበላሽተሽው ቀረሽ።»

እመት ለምን መጽሐፏ ላይ አቀርቅራ ነበር። ኮስታራዋ በሩን ዘጋች።

«ዝም በሉ። አንቺ፣ ተነሺ።»

ልጅቷ ተነሳች።

«ቅድም በዚያ ሁሉ ሰው መሐል አፍሽ ተከፈተ። እኔ ክፍል ማን ዘጋው? እነዚህ ናቸው?» ጠመኔዋን በክፍሉ ላይ አዞረች። «ካርዱ ነው?»

«አይደለም፣ ቲቸር።»

«ታዲያ ምንድን ነው? ተናገሪ!»

ልጅቷ ወደ ጫማዋ አየች፤ ቀስ ብላ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማባት የምትጠነቀቅ ያህል፣ «ነገ ብለውኝ ነበር» አለች።

«ምን?»

«ለምን እንደሚገለበጥ። ነገ እነግርሻለሁ ብለውኝ ነበር። እየጠበቅሁ ነበር።»

የኮስታራዋ ጠመኔ እጇ ላይ እንዳለ ቀረ።

«መልሰሽ አትጠይቂኝም ነበር?»

«ትልቅ ሰው ነገ ካለ አይነዘነዝም ትለኛለች እናቴ። የፊተኛውን ሳልሰማ ሌላ መጨመርም ነውር መሰለኝ። ከዚያ ደግሞ...» ቆም አለች። «ከዚያ ደግሞ ብዙ ቀን ሲሆን፣ ምናልባት አያውቁት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። እንዳላሳፍርዎት ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

 ኮስታራዋ ሰው አዝኖላት አያውቅም፤ እንዲያዝንላትም ፈቅዳ አታውቅም። ለካ ያን ሁሉ ሳምንት፣ እሷ ዓለምን ከጫማው ጀምራ ስትመዝን፣ ሹሩባዋ የተፈታ አንዲት ልጅ ከመስኮቱ ሥር ሆና አዝናላት ኖሯል። ፊቷ ጋለ። ደግሞ የሚብሰው ያ አጨብጫቢ፣ ያ የካሮት ጌታ፣ ቢያንስ ለቃሉ ቁራጭ ካርቶን ይከፍላል። እሷ «ነገ»ን በነጻ ነው የተናገረችው። ምን ያህል ልጅ «ነገ» ተብሎ ከዚህ ክፍል እንደወጣ ማሰብ ጀመረችና ተወችው፤ ከመካከላቸው አንዱ ምናልባት ዛሬ ቢሮው ውስጥ ግድግዳውን በምስክር ወረቀት የሞላው ሰው ሊሆን ይችላል፤ እጁን ማውጣት አለማውጣቱን እንኳ አታስታውስም።

«አውቀዋለሁ» አለች በመጀመሪያ፤ ኩራቷ ቀደማት። ከዚያ ጠመኔውን አስቀመጠች። «አውቀዋለሁ። መልሰሽ ካልጠየቅሽኝ አልነግርሽም ብዬ አኩርፌ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ኮስታራዋ «ጥፋቱ የኔ ነው» ስትል የሰማ ተማሪ እስከዚያ ቀን አልነበረም። ባንኩ መነጽሩን አስተካከለ።

መሳቢያዋን ስባ የተከፈተውን እሽግ አወጣች። ክፍሉ ተቁነጠነጠ፤ ይኸው ልትሰጥ ነው ያለም ነበር። አንድ ካርድ መዘዘች፣ ሁለት ጊዜ አጠፈችና በእጥፋቱ ላይ ቀደደችው። አንድ ሰው «ኧረ ቲቸር!» ብሎ ጮኸ።

«ነይ ወደዚህ» አለቻት እመት ለምንን። «ይህ አንድ ሙሉ ካርድ ነበር። አንዱ ቁራጭ ምን ያህል ነው?»

«ሩብ።»

«በአንድ ሙሉ ውስጥ ስንት ሩብ አለ?»

«አራት።»

«ሩብን ጻፊና ገልብጪው።»

ልጅቷ ሰሌዳው ላይ አንድ በአራት ብላ ጻፈች፤ ገልብጣ አራት በአንድ ጻፈች። የጻፈችውን አየች፣ ቁራጮቹን አየች፤ መልሳ ሰሌዳውን አየች።

«አራት ነው» አለች ቀስ ብላ። «ሲገለበጥ የሚመጣው... አንድ ሙሉ ውስጥ ስንት እንዳለ ነው!»

«እሺ፣ ከዚያስ? ሙሉ ባይኖርሽ፣ ግማሽ ካርድ ብቻ ቢኖርሽስ?»

«የአራቱን ግማሽ አገኛለሁ። ሁለት።» ጆሮዋ ቀላ። «ለዚህ ነው የሚባዛው! ለካ ለዚህ ነው!»

ባንኩ ሳይጠራ ተነስቶ መጥቶ ቁራጮቹ ላይ አጎነበሰ። ሌሎቹም ከወንበራቸው ብድግ ብድግ አሉ። ካርዱ ከታተመ ጀምሮ ለአንድ ሰው የሆነ ነገር ሲያስተምር የመጀመሪያው ነበር፤ ያውም ተቀድዶ።

«ቲቸር» አለች እመት ለምን፣ ፊቷ እየተለወጠ፣ «ሁለት ሦስተኛ ቢሆንስ? አንድ ሙሉ ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ልክ አይገባም እኮ። አንዴ ይገባና ይተርፋል። የተረፈችው ምን ትባላለች?»

«ጎበዝ» የሚለው ቃል ከኮስታራዋ ጉሮሮ ተነስቶ ምላሷ ጫፍ ደረሰ። ልታወጣው አፏን ስትከፍት ደወሉ ተደወለ። ከኋላ ያሉት በልማድ ቦርሳቸውን አነሱ። ልጅቷ ግን ሳትንቀሳቀስ ወደ ላይ እያየቻት ቆማለች፣ የሚመጣውን ቃል ከወዲሁ የምታውቅ ይመስላል፤ ትከሻዋም ትንሽ ወረድ ብሏል።

ኮስታራዋ «ጎበዝ»ንም «ነገ»ንም ዋጠች።

«ደወሉን ተዉት» አለችና አዲስ ካርድ አንስታ ለሦስት እኩል አጠፈችው።